የፍሬን ሸራ ሽታ፦ በዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና ያገኘሁት እፎይታ

አሥር ዓመት ያህል የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ እየፈራሁ ኖሬአለሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ክፉ ነገር ደርሶበት፣ ነገሩ ካለፈ በኋላም ከሰውነቱ አልወጣ ብሎት ለሚሠቃይ ሰው ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሹፌር ነኝ። የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውንና ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

በ2004 ዓ.ም. በጥር ወር ከደብረ ማርቆስ ጤፍ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ እጓዝ ነበር። ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃ ስንገባ ሊነጋ ጥቂት ቀርቶታል። ያንን ቁልቁለት የወረደ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። በከባድ ማርሽ ሆነው፣ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ እያደረጉ እንጂ ረግጠው ይዘው አይወርዱትም። እኔም እንደዚያው ነበር የማደርገው። መንገዱን ስናጋምስ ግን ፔዳሉ እየለሰለሰ ሄደ፤ ቀጥሎ ሽታው ጋቢናውን ሞላው።

ረዳቴ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ሁለት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል፤ «ጋሼ» እያለ ነበር የሚጠራኝ። መሪውን ወደ ተራራው ወገን አዙሬ መኪናውን ከድንጋዩ ጋር እያፋተግሁ ፍጥነቱን ቀነስሁት። ሊቆም ሲል «ታኮ!» ብዬ ጮህሁ። ታኮ ጎማ ሥር የሚወሸቀው እንጨት ነው፤ ከረዳት እግር ሥር አይጠፋም። ልጁ ታኮውን አቅፎ ዘለለ። መኪናው ግን ገና አልቆመም ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን አልዘረዝርም። ሕክምናውም እንድዘረዝረው አላስገደደኝም፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ምርመራው የፍሬን ብልሽት መሆኑን ስላሳየ ፍርድ ቤት በነፃ አሰናበተኝ። ሽማግሌዎች ገብተው ከቤተሰቡ ጋር ታረቅን። ለቅሶ ቤት ስሄድ እናቱ ጭንቅላቴን በሁለት እጃቸው ይዘው «አንተንም ያጽናህ፣ ልጄ» አሉኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ያቺን ቃል ይዤ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲያ ደጃፋቸውን አልረገጥሁም።

ከውጭ ለሚያየኝ ሰው ኑሮዬ ደኅና ነበር። መንዳት ትቼ መጋዘን ተቀጠርሁ፤ አገባሁ፤ በ2009 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ወደ አሜሪካ መጣሁና ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ ተቀመጥሁ። እንደ ብዙው ያገሬ ሰው ሥራ የጀመርሁት በመኪና ማቆሚያ ነው። ሌሊት ሌሊት ግን ባለቤቴ ፍራሹ ሲናጥ ትነቃለች። በእንቅልፌ ፍሬን እረግጣለሁ። ቀኝ እግሬ ነው፣ የፍሬን እግሬ፤ ጠዋት ስነሳ ባቱ ደርቆ አገኘዋለሁ። ልጄ መጫወቻ መኪና ወለሉ ላይ ሲገፋ ክፍሉን ለቅቄ እወጣለሁ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ አንድ ዳገት አለ፤ ከባድ መኪና ሲወርደው ሽታው ከመጣ ላብ ያጠምቀኛል፤ አውቶቡሱን አሳልፌ በእግሬ እሄዳለሁ። ስለ ልጁ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ስሙን እንኳ አፌ ላይ አላደረግሁትም።

ሐኪም ቤት ስሄድ የማወራው ስለ ጨጓራዬ ነበር። የጨጓራ መድኃኒት ለዓመታት ዋጥሁ። በእኛ ዘንድ ጭንቀት የሚቀመጠው ሆድ ውስጥ ነው፤ «ሆድ ይፍጀው» ተብለን አድገናል። ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም፣ የልብ ምት፣ የሆድ ቃጠሎ ይዘን ሐኪም ዘንድ እንቀርባለን፤ የተጠየቅነውን እንመልሳለን፤ ያልተጠየቅነውን ይዘን እንመለሳለን። የአእምሮ ሐኪም የሚባል ነገር ሲነሳ ደግሞ አዲስ አበባ ያደገ ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት «አማኑኤል ገባ» የሚለው ስድብ ነው። ስንቱን ሰው ያ ስድብ ከደጅ እንደመለሰው እግዚአብሔር ይወቀው።

ጠበልም ተጠምቄአለሁ። አገር ቤት ሳለሁ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሱባዔ ገብቼ ነበር፤ በዚያ ዘመን ጥቂት እንቅልፍ የሰጠኝ እርሱ ነው፤ ዛሬም በጸጋ አስታውሰዋለሁ። የንስሐ አባቴ በስልክ «ጸሎቱንም አትተው፣ ሐኪሙንም አትሽሽ» ያሉኝ ቃል ነው ኋላ ደፍሬ እንድሄድ ያደረገኝ።

ነገሩን ያወጣችው አንዲት ነርስ ናት። ለጨጓራዬ በሄድሁበት ቀን ሃያ ጥያቄ ያለበት ቅጽ ሰጠችኝ፤ አስተርጓሚ በስልክ እያነበበልኝ መለስሁ። የሆነውን የሚያስታውስ ነገር ሲያጋጥምህ ሰውነትህ ይረበሻል? ስለ ራስህ «እኔ መጥፎ ነኝ» የሚል ጽኑ እምነት አለህ? በሆነው ነገር ራስህን ትወቅሳለህ? እዚያ ላይ ስደርስ ድምፄ ተዘጋ። ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም እንዳለብኝ የተነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስም ሲወጣለት ግማሽ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን በፊት ሕመም ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ቅጣት ነበር የሚመስለኝ።

የተመራሁበት ሕክምና በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኢኤምዲአር ይባላል፤ ክፉውን ትዝታ በሐሳብ ይዞ የሐኪሙን ጣት በዓይን መከተል ነው። ባለቤቴ «ጣት እየተከተልህ ትድናለህ» የሚለውን ስትሰማ «አፍዝ አደንግዝ እንዳይሆን» ብላ ፈራች። ይህ ፍርሃት የብዙ ሰው ስለሆነ በግልጽ ልመልሰው። የሚያፈዝ ነገር የለበትም፤ ማንም አያስተኛችሁም። ሙሉ በሙሉ ነቅታችሁ፣ የት እንዳላችሁ እያወቃችሁ ነው የምትሠሩት፤ እጃችሁን ካነሳችሁ ወዲያው ይቆማል። እኔ በመጀመሪያው ቀን የተለማመድሁት ይህንኑ እጅ ማንሳት ነበር።

ሕክምናውን የጀመረችው ፍራንሲን ሻፒሮ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1987 መናፈሻ ውስጥ ስትራመድ፣ ዓይኖቿ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱ የሚረብሻት ሐሳብ ጉልበቱ እንደሚቀንስ አስተዋለች። በ1989 የመጀመሪያ ጥናቷን አሳተመች፤ ከዚያም ስምንት ደረጃዎች ያሉት ሥርዓት አደረገችው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ለዚህ ሕመም ከሚመክራቸው ሕክምናዎች መካከል አስገብቶታል። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤትና የመከላከያ ሚኒስቴሩም በ2023 መመሪያቸው ለፒቲኤስዲ ከመከሯቸው ሦስት ዋና ዋና የሥነ ልቦና ሕክምናዎች አንዱ ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው? እዚህ ላይ ሊቃውንቱም ይከራከራሉ። የሚያድነው የዓይኑ መመላለስ ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ የሚያድነው በተረጋጋ ቦታ ሆኖ ትዝታውን ፊት ለፊት መጋፈጡ ነው የሚሉም አሉ። እኔን ያሳመነኝ ማብራሪያ እንዲህ የሚለው ነው። አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ነገር ውስን ነው። ክፉውን ትዝታ በአእምሮህ ይዘህ ሳለ ዓይንህ የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲከተል ስታደርገው፣ ሁለቱ አንዱን ቦታ ይሻማሉ፤ ትዝታው እንደ ቀድሞው ደምቆና ተስሎ ሊቆም አይችልም። ኔዘርላንድ ውስጥ በተካሄዱ ሙከራዎች ይህ መደብዘዝ በተደጋጋሚ ታይቷል። ለሹፌር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሃምሳ ኩንታል በሚችል መኪና ላይ መቶ ኩንታል አይጫንም። የደበዘዘው ትዝታ ተመልሶ ሲቀመጥ ደግሞ በደበዘዘበት መልኩ ይቀመጣል ይላሉ።

ከመጀመሬ በፊት ትልቁ ጭንቀቴ ቋንቋ ነበር። ሥራ የምሠራበት እንግሊዝኛ አለኝ፤ የልብ የምናገርበት ግን የለኝም። ስለዚህ በአሜሪካ ያላችሁ ይህን እወቁ፦ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የሕክምና ተቋም አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ዘመድ ወይም ልጃችሁን ይዛችሁ እንድትሄዱ አይጠበቅባችሁም። ልጅን ደግሞ በጭራሽ አታስተርጉሙ፤ እንዲህ ያለ ነገር በልጅ አፍ አይነገርም። ሌላው ፍርሃቴ አስተርጓሚው ከማኅበረሰቡ ወጥቶ ነገ ቤተ ክርስቲያን ያገኘኝ ይሆን የሚለው ነበር። ይህንንም ተናገርሁ። ከሌላ ክፍለ ግዛት በስልክ የሚያስተረጉም ሰው አቀረቡልኝ፤ ስሜ አልተነገረውም። መጠየቅ ያሳፍራል ብላችሁ ዝም አትበሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀጠሮዎች ዓይን የማንቀሳቀስ ነገር እምብዛም የለም። ሐኪሟ ታሪኬን ጠየቀች፣ እንቅልፌን፣ መጠጥ እጠጣ እንደሆነ፣ ራሴን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብኝ ያውቅ እንደሆነ፣ የሚጥል በሽታና የዓይን ሕመም ይኖርብኝ እንደሆነ። ስለ አደጋው ግን «ርእሱን ብቻ ንገረኝ» አለችኝ። «የዓባይ በረሃ አደጋ፤ ረዳቴ ሞተ» አልሁ። በቃ፣ አልቀጠለችም። እንደ እኔ «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። አንድም ዝርዝር ሳልናገር ልታከም እንደምችል ያወቅሁት ያኔ ነው። ከሌሎቹ ሕክምናዎች ይበልጣል ብዬ አልከራከርም፤ እያወሩ የሚድኑ ብዙ ሰዎች አሉ። መናገር ለሚከብደው ግን ይህ በር ክፍት መሆኑን ይወቅ።

ከዚያ የሚያረጋጋኝን ቦታ በሐሳቤ እንድመርጥ ጠየቀችኝ። የእናቴን ቤት መረጥሁ፤ እናቴ ቡና ስትቆላ። ዓይኔን ጨፍኜ ገባሁበት፤ ጭሱ ደስ የሚል ሆኖ ጀመረና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወደ ፍሬን ሸራ ሽታ ተለወጠብኝ። ደንግጬ ተነሳሁ። እሷ አልደነገጠችም። «ጭስ የሌለበት ቦታ እንፈልግ» አለች። በልጅነቴ ከብት የማጠጣበትን ምንጭ አገኘን፤ ውኃው ከድንጋይ ሥር ይወጣል፣ ዙሪያው ቄጠማ ነው፣ እጅ ሲነከር አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ሕክምናው እስኪያልቅ በእያንዳንዱ ቀጠሮ መጨረሻ ወደዚያ ምንጭ እየተመለስሁ ነው የወጣሁት።

አራተኛው ቀን ሥራው ተጀመረ። ወንበሯን ከእኔ ጎን ፈንጠር አድርጋ አስቀመጠች። ከሁሉ የከፋው ሥዕል የቱ ነው? ታኮው፤ ልጁ ታኮውን እንደ ሕፃን አቅፎት። ያ ሥዕል ስለ አንተ ምን ይልሃል? «ገዳይ ነኝ» አልሁ በአማርኛ። አስተርጓሚው ትንሽ ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ተረጎመው። ስለ ራስህ ምን ብታምን ትወዳለህ? ይህ ከበደኝ። ብዙ ቆይቼ «በዚያች ቅጽበት የምችለውን አደረግሁ» አልሁ። ይህ ከ1 እስከ 7 ምን ያህል እውነት ሆኖ ይሰማሃል? ሁለት። ሥዕሉን ስታየው ጭንቀትህ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? ዘጠኝ። በሰውነትህ የት ይሰማሃል? ጉሮሮዬና ቀኝ እግሬ።

ሁለት ጣቶቿን ከፊቴ አንስታ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ታመላልስ ጀመር። ራሴን ሳላንቀሳቅስ በዓይኔ ብቻ እከተላለሁ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሄዶ ይቆማል። «ተንፍስ። አሁን ምን መጣ?» እመልሳለሁ። «በዚያው ቀጥል» ትልና እንደገና። ምክር የለም፣ ትርጓሜ የለም። አስተርጓሚው እየዘገየ ሐሳቤ ሲቆራረጥ ሌላ ዘዴ አገኘን፦ በእያንዳንዱ ዙር መካከል በአማርኛ ለራሴ እናገራለሁ፤ ለእርሷ የምነግራት «ተለወጠ» ወይም «አልተለወጠም» ብቻ ነው። ይህም ይቻላል፤ እናንተም ጠይቁ።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዙር ቀኝ እግሬ ምንጣፉን መርገጥ ጀመረ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። አፍሬ ላስቆመው ስል አየችና «እግርህ የሚፈልገውን ያድርግ» አለችኝ። ለቀቅሁት። ጫማዬ ወለሉ ላይ እስኪንሸራተት ረገጥሁ፤ ጣቶቿ ይመላለሳሉ፣ እኔ እረግጣለሁ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ከዚያ እግሩ ራሱ ደክሞት ላላ። አሥር ዓመት የተረገጠ ፍሬን የተለቀቀ ያህል ነበር። በዚያ ሌሊት ፍራሹን አልረገጥሁም።

ደግ ደጉን ብቻ ብነግራችሁ ግን አታለልኋችሁ ማለት ነው። ጣት መከተል ከጀመርን ከሁለተኛው ቀጠሮ በኋላ ያለው ሳምንት ከሁሉ የከፋ ነበር። ረስቻቸው የነበሩ ቁርጥራጮች በሕልሜ መጡ፤ ልጄን ያለ ምክንያት ተቆጣሁ፤ ሥራ ላይ ደንበኛ ቁልፍ ሲሰጠኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። አባብሶብኛል ብዬ ለማቋረጥ ደወልሁ። ሐኪሟ ቀጠሮውን አቀረበችልኝና «የተቋጠረ ነገር ሲፈታ ይህ ይሆናል፤ ቁስሉን ከፍተን እንዳንተወው ና» አለችኝ። ብዙ ሰው የሚሸሸው እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። እባካችሁ እዚህ ጋ አትሽሹ። ካልቻላችሁም ሳትጠፉ ደውላችሁ ተናገሩ፤ ማዘግየት፣ ማቅለል፣ ወደ ማረጋጋቱ መመለስ ይቻላል። ሕክምና ባለበት ቀን የሌሊት ፈረቃ አትያዙ፣ መኪና ራሳችሁ አትንዱ፣ ጭንቀቱን በመጠጥ ለማብረድ አትሞክሩ። በቤት ውስጥ ያለ ሰው ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ ቢያውቅ መልካም ነው። ሕይወታችሁን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በአሜሪካ ያለ ሰው በማንኛውም ሰዓት 988 መደወል ይችላል።

በስልክ ላይ ኳስ ወዲያና ወዲህ የሚሄድበት ቪዲዮ ከፍቶ ብቻውን ልሞክረው የሚል ሰውም አጋጥሞኛል። አታድርጉት። ዓይን ማመላለሱ ቀላል ነው፤ ከባዱ የሚመጣውን የሚይዝ ሰው ማግኘቱ ነው። ብቻችሁን ልታደርጉት የምትችሉት ሐኪሟ ያስተማረችኝን የቢራቢሮ እቅፍ ነው። ሁለት እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ መዳፎቹን ከትከሻ ዝቅ ብሎ አሳርፎ፣ አንዴ ቀኙን አንዴ ግራውን ቀስ እያደረጉ መታ መታ ማድረግ ነው። ፓውሊን የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በ1997 ሜክሲኮ ውስጥ አካፑልኮን ከመታ በኋላ፣ ሉሲና አርቲጋስ የተባለች ባለሙያ ከተረፉት ሰዎች ጋር ስትሠራ ያመጣችው ነው። እኔ መኪና ማቆሚያው ደረጃ ሥር ቆሜ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ጣት መከተል ከጀመርን በአራተኛው ቀጠሮ፣ ጣቶቿን እየተከተልሁ ሳለሁ የበር ድምፅ ሰማሁ። የጋቢናው የቀኝ በር ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ነው። የሰማሁት ደግሞ «ታኮ!» ከማለቴ በፊት ነው። ልጁ እኔ ሳልጮህ በሩን ከፍቶ ነበር ማለት ነው? ከወንበሬ ተነሳሁ፤ «አልላክሁትም! ራሱ ነው የወረደው!» እያልሁ በአማርኛ ጮህሁ። አስተርጓሚው ሲተረጉም ድምፁ ይሰበር ነበር።

ሐኪሟ በዚህ ላይ ያለችኝን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ስረጋጋ «በዚህ ክፍል ውስጥ የሚመጣ ሥዕል የፍርድ ቤት ማስረጃ አይደለም» አለችኝ። ትዝታ ይለዋወጣል፤ ይህ ሕክምና እውነቱን ለማጣራት የተሠራ አይደለም፤ የበሩ ድምፅ በእርግጥ የነበረ ሊሆን ይችላል፣ ልቤ የተመኘው ሊሆንም ይችላል። መጀመሪያ አዘንሁባት። ያገኘሁትን ነፃነት የቀማችኝ መሰለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ሌላ ነገር መጣ። ጮኼም ቢሆን፣ ሳልጮህም ቢሆን፣ ሁለታችንም መኪናውን ለማቆም ነበር የምንታገለው። ከታች ተሽከርካሪዎች ነበሩ፤ ሰው ነበረ። «ታኮ» የሚለው ቃል ሞትን የሚጠራ ሆኖ ነበር አሥር ዓመት የተሰማኝ፤ ያን ቀን ግን ሕይወት ለማዳን የተጮኸ ሆኖ ሰማሁት። ይህን ማንም አልነገረኝም። ቀድሞ ስንቱ ሰው «ጥፋትህ አይደለም» ብሎኝ ነበር፤ ከጆሮዬ አያልፍም ነበር። ያን ቀን ከውስጤ ወጣ።

ከዚያም አለቀስሁ። ቀብሩ ላይ ከሰው ጀርባ ቆሜ ዕንባ አልወጣኝም ነበር፤ ገዳይ ሟቹን የማልቀስ መብት ያለው አልመሰለኝም። ያን ቀን ግን ልጁን አለቀስሁት። በሥራ መሀል እንዴት ይዘፍን እንደነበር፣ ጎማ ሲቀይር ምላሱን በጥርሱ እንዴት ይነክስ እንደነበር፣ ደሞዙን ተቀብሎ ለእናቱ ነጠላ የገዛበትን ቀን። አሥር ዓመት ሙሉ የማየው አሟሟቱን ብቻ ነበር። አኗኗሩ የተመለሰልኝ ያኔ ነው። ጸጸቱ ለቅሶ ሆነ፤ ለቅሶ ደግሞ እንዴት እንደሚያዝ እኛ እናውቃለን።

ቁጥሮቹ ከዘጠኝ ወደ ስድስት፣ ወደ ሦስት፣ ወደ አንድ ወረዱ። ሐኪሟ ዜሮ እንዲሆን ምን የከለከለው ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። «ሰው ሞቷል፤ አንዱ ይቆይልኝ» አልኋት። ተቀበለችው። «የምችለውን አደረግሁ» የሚለው ከሁለት ወደ ስድስት ወጣ። በመጨረሻ ሥዕሉን ይዤ ሰውነቴን ከራስ ጠጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ እንድፈትሽ አደረገችኝ፤ ጉሮሮዬ ክፍት፣ እግሬ ልል ነበር። ሁሉም ተጨምሮ አሥራ አራት ቀጠሮ ፈጀ።

የእኔ የአንድ ቀን አደጋ ነው። በሊቢያ በረሃ ተይዞ የተገረፈ፣ በዓረብ አገር በተቀጠረችበት ቤት ለዓመታት የተበደለች፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የተጎዳ ሰው ከዚህ የረዘመ ጊዜ፣ በተለይም የረዘመ ዝግጅት ሊያስፈልገው ይችላል። ወር ሁለት ወር ማረጋጋት ብቻ ቢሠራላችሁ ጊዜ እየባከነ አይምሰላችሁ። ባለሙያ ስትመርጡ ኢኤምዲአር በሥርዓቱ መማሩን፣ ስንት ሰው በዚህ እንዳከመ በቀጥታ ጠይቁ። በመጀመሪያው ቀን ጣቱን አንስቶ የሚጀምር፣ ታሪካችሁን ሳይጠይቅ ወደ ቁስሉ የሚገባ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

በሚያዝያ ወር ከዳገቱ ሥር አውቶቡስ እየጠበቅሁ ሳለሁ ሽታው መጣ። የቆሻሻ መኪና ነበር የወረደው። ላብ እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። «ፍሬኑ ሞቋል፤ ያሳየው» አልሁ በልቤ፣ አውቶቡሱም ደረሰ፣ ገባሁ።

የልጁ እናት ዘንድ የደወልሁት ከዚያ በኋላ ነው። ስልካቸውን ከአንድ የድሮ ሹፌር አገኘሁ። «ማን ልበል?» ሲሉኝ ስሜን ተናገርሁ፤ ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልሁ። ከዚያ «አለህ እንዴ፣ ልጄ? እህል ትበላለህ?» አሉኝ። የልጃቸውን ስም ጠርቼ ስለ እርሱ እንዲያወሩልኝ ጠየቅሁ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእርሳቸው ነው። አርባ ደቂቃ ያህል አወሩልኝ፤ እንዴት እንደተወለደ፣ ትምህርቱን ለምን እንዳቋረጠ፣ ቤት መጥቶ ስለ እኔ ምን ይላቸው እንደነበር። የዘንድሮውን ሙት ዓመት በጥር አብረን እንድናወጣ ተስማማን። ድርሻዬን ልኬአለሁ።